ላሜራው ላይ ማን ይወጣል

(አርሲ ውስጥ ባለች አንዲት የስንዴ ከተማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሽማግሌው ይርዳው ጓሮ ውስጥ ከቆመ አሮጌ የእርሻ ትራክተር ስር ተጋድሟል፤ ሚስቱ እልፍነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ከጎማው አጠገብ ቆማለች።)

እልፍነሽ፦ የዶሮ ድስቴን አውጣ ነው የምልህ።

ይርዳው፦ አሁን አይሆንም፣ እልፌ። ኩሽኔታው ገና አልበረደም።

እልፍነሽ፦ ምኑ?

ይርዳው፦ ኩሽኔታው። ጎማው የሚዞርበት ብረት ነው። የቆየ ቆሻሻው እንዲለቅ በሳሙና ቀቀልኩት።

እልፍነሽ፦ በዶሮ ድስቴ ብረት ቀቀልክ።

ይርዳው፦ ታጥቦ ይመለስልሻል።

እልፍነሽ፦ ማን ሊበላበት? ከእንግዲህ በሱ ዶሮ ብሰራ ናፍጣው እስከ ገበያ ድረስ ነው የሚሸተው። ለፋሲካ እንግዳ ጠርቼ፣ ብሉ አይዟችሁ፣ ቅቤው የሞተር ነው ልበላቸው?

ይርዳው፦ የነገው የትራክተር ጉተታ ውድድር ይለፍ እንጂ አዲስ ድስት አመጣልሻለሁ።

እልፍነሽ፦ አዲስ ድስት፣ አዲስ ሽንት ቤት፣ አዲስ አጥር። አንተ ስታመጣ እኔ ተቀብሬ የሙት ዓመቴ ይወጣል። ውጣ ከዛ ስር፣ ፊትህን ልየው። በስመ አብ። ጢምህ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው?

ይርዳው፦ ሞራ ነው።

እልፍነሽ፦ የምን ሞራ?

ይርዳው፦ የበግ። ግራሶ ከከተማው ጠፋ። አቅልጬ ማርሹን ቀባሁበት። እርሻ ጣቢያ እያለን ግራሶ ሲያልቅብን እንዲሁ ነበር የምናደርገው።

እልፍነሽ፦ ለዚህ ነዋ የሰፈሩ ውሻ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ የሚሰለፈው። ትናንት አንዱ ከስሩ ገብቶ ሆዱን ሲልሰው አይቼ ቁርሴ ወጣ። እኔ ደግሞ አብዶ ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። ጤነኛ ውሻ አሳማሁ ባንተ ምክንያት።

ይርዳው፦ ውሻው ምንም አላደረገም፣ ትንሽ ነው የላሰው። ደግሜ ቀብቼዋለሁ።

እልፍነሽ፦ እሱ የላሰው ላይ? በእጅህ?

ይርዳው፦ በምን ልቀባው ታዲያ?

እልፍነሽ፦ እና በዚህ እጅ ነው ማታ ያጎረስከኝ። እዛው ቁም፣ እንዳትጠጋኝ። እኔኮ መጀመሪያ ቀን ነው መከልከል የነበረብኝ፣ ያን ጉድ በስድስት በሬ አስጎትተህ ስታስገባው። ዶሮ ስንት ዘመን ሲተኛበት የኖረ ብረት። ይኸው ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ኩሱ ይሞቅና ግቢው ሁሉ የዶሮ ቤት ይሆናል። ጭስ መውጫው ውስጥ የአይጥ ጎጆ ከነ ልጆቹ አውጥተህ የወረወርከው የት ነው? ጎመኔ ላይ።

ይርዳው፦ ሞተሯ ነክሶ እንደነበረ ረሳሽው? ማንም አይነሳም ያለው ሞተር ነው። ናፍጣና ዘይት እያጠጣሁ፣ በመዶሻ እንጨት እየመታሁ፣ ስንት ወር ለመንኳት። ስትነሳ አንቺም አጨብጭበሻል።

እልፍነሽ፦ ዝንብ እየመታሁ ነበር። አፍንጫው ላይ የሰቀልክበትስ ያ ድብልብል ምንድነው?

ይርዳው፦ ክብደት ነው። ከኋላዋ ከባድ ነገር ስትጎትት ፊቷ ከመሬት ይነሳል። ከፊት ካልከበደች እንደ ፈረስ ቆማ ልትገለበጥብኝ ትችላለች።

እልፍነሽ፦ ምን እንደሚሰራ አልጠየቅኩህም። ከምን እንደተሰራ ነው።

ይርዳው፦ ከሲሚንቶ።

እልፍነሽ፦ ከየትኛው ሲሚንቶ?

ይርዳው፦ እልፌ፣ እሱን ከነገ ወዲያ እንነጋገር።

እልፍነሽ፦ የሽንት ቤቱ ሲሚንቶ። እኔ በዚህ ጉልበቴ በበሰበሰ እንጨት ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ዛሬ ገባሁ ነገ ገባሁ እያልኩ እጸልያለሁ። የሽንት ቤቴ ወለል ግን ትራክተር ግንባር ላይ ተንጠልጥሎ ጉተታ ይሄዳል። ለአንድ ሙክት ሽልማት።

ይርዳው፦ ለሙክቱ አይደለም።

እልፍነሽ፦ አውቃለሁ ለሙክቱ እንዳልሆነ። ሙክቱማ ይበላ ነበር።

ይርዳው፦ አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር።

እልፍነሽ፦ ምጣዴን ነው የቀረህ። እሱንም ውሰድና ጎማ አድርገው።

ይርዳው፦ ነገ ቤት ዋይ።

እልፍነሽ፦ ምን አልክ?

ይርዳው፦ ነገ ጉተታው ጋ አትምጪ። ፀሐዩ ከባድ ነው። ወገብሽም…

እልፍነሽ፦ ወገቤን ተወው። የትኛው ፀሐይ ነው ከቤት ያስቀረኝ? ገበያ ውዬ፣ ለቅሶ ውዬ፣ ማህበር ውዬ ስገባ ፀሐይ አልነበረም? ጆሮህን እየጎተትክ ነው የምታወራው። ጆሮህን ስትጎትት ደግሞ ትዋሻለህ። ምን ሆነሃል?

ይርዳው፦ ሰዉ ነው።

እልፍነሽ፦ ሰዉ ምን አደረገህ?

ይርዳው፦ የጉተታውን ደንብ ታውቂዋለሽ። ትራክተሩ ያንን ትልቅ የብረት ላሜራ መሬት ለመሬት ይጎትታል። ሲነሳ ባዶውን ነው። ሰዉ በሜዳው ዳርና ዳር ተሰልፎ ይቆማል፣ ላሜራው ፊቱ ሲደርስ የፈለገ ይወጣበታል፣ ያልፈለገ ቆሞ ያሳልፋል። የወጣ ሰው አይወርድም። ትራክተሩ አልችልም ብሎ እስኪቆም ነው።

እልፍነሽ፦ ለኔ ነው የምታስረዳኝ? የሚወድህ ይቆማል፣ የሚጠላህ ይወጣል። ይህን ጨዋታ ያመጣ ሰው አገሩን አንድ ባንድ ሊያየው ፈልጎ ነው። እሱን እኔም እወድለታለሁ።

ይርዳው፦ አምና የቱፋን አይተሻል።

እልፍነሽ፦ ቱፋን ማን ይጠላዋል? ላሜራው ባዶውን እየተንቋቋ ነው ሜዳውን የጨረሰው። የወጡበት ሁለት ሰካራሞች ናቸው፣ እነሱም አውቶቡስ መስሏቸው ነው።

ይርዳው፦ እኛ ላይስ ስንት ሰው የሚወጣ ይመስልሻል?

እልፍነሽ፦ አንተ ላይ? አንተን ምን ብሎ የሚጠላህ አለ? ዝንብ እሽ ብለህ አታውቅም። ለዚህም ነው ግቢው ዝንብ የሆነው።

ይርዳው፦ እኔን አይደለም የሚጠሉት።

እልፍነሽ፦ እ?

ይርዳው፦ እኔን አይደለም፣ እልፌ።

እልፍነሽ፦ ስም ጥራልኝ።

ይርዳው፦ ይቅርብሽ።

እልፍነሽ፦ ጥራ።

ይርዳው፦ ሃምሳ አለቃ ገመቹ ይወጣል።

እልፍነሽ፦ ምን በደልኩት?

ይርዳው፦ ፀጉሩን በጫማ ቀለም ነው የሚያጠቁረው ብለሻል።

እልፍነሽ፦ ዝናብ የመታው ቀን በጆሮው ግንድ ሲንጠባጠብ አገር አይቶ የለም እንዴ? እኔ የታየውን ነው ያወራሁት። ትራሱንማ ብታየው። ሚስቱ ወንዝ ዳር ስታጥበው ውሃው ጠቁሮ ከብት አልጠጣ ብሎ ተመለሰ።

ይርዳው፦ ብርቅነሽ ከነልጆቿ ትወጣለች።

እልፍነሽ፦ ለሰርጉ ነው።

ይርዳው፦ ለሰርጉ ነው። ወጡ ውስጥ ሥጋ ፍለጋ ገብቼ ባዶ እጄን ወጣሁ ብለሻል።

እልፍነሽ፦ ውሸት ነው? አጠገቤ አልነበርክም? እንዲያውም እኔ ሸፍኜላታለሁ። ከወጡ ውስጥ የረዘመ ፀጉር ስቤ ስቤ አላልቅ ሲለኝ፣ በጨዋ ደንብ ከሳህኑ ስር ለጥፌው ነው የተነሳሁት። እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

ይርዳው፦ ይኸው አሁን ተናገርሽ።

እልፍነሽ፦ አንተ ማን ነህ? ባሌ አይደለህም? ቀጥል።

ይርዳው፦ ተካልኝ ባለወፍጮው። እሱ ራሱ ስለሚወዳደር አይወጣም፣ ዘመዱን ግን ሁሉ አሰልፏል።

እልፍነሽ፦ ተካልኝ ደግሞ ምን ይላል? ዱቄቴ ውስጥ የአይጥ ጅራት ያገኘሁ እኔ፣ የሚቆጣው እሱ? ጅራቱን ብቻ ነው ያገኘሁት እኮ፣ ይርዳው። የቀረውን በልተነዋል ማለት ነው። ይህን ባወራሁ ሐሜት ይሉታል። ሌላ ቢሆን ከሶ ያስቀጣው ነበር።

ይርዳው፦ ለአይጧ ብቻ አይደለም። ወፍጮ ቤቱ ሳይሰራ በዋለ ቀን በጓሮ በር ገብታ ዱቄት ተቀብታ የምትወጣውን ሴትዮም አውርተሻል።

እልፍነሽ፦ ወገቧ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ይዛ ስትወጣ ምን ልበል? ታቦት አነገሠች ልበል?

ይርዳው፦ እኔ ውሸት ነው አላልኩም። ነገ ፊትሽን ሲያዩ ንዴታቸው ይነሳል ነው የምለው። ባያዩሽ ረስተውት ቆመው ያሳልፉኝ ይሆናል።

እልፍነሽ፦ ስለዚህ እኔ እንደ ክፉ ውሻ ታስሬ ልዋል።

ይርዳው፦ እንዲያ አላልኩም።

እልፍነሽ፦ እሺ። መልካም። ይውጡበት። ልጆቻቸውን አዝለው ይውጡበት። ለኔ ምን ጎደለብኝ? ከተሸነፍክ ሰኞ ጠዋት ቁራሌው ጭኖ ይወስደዋል። በልጆቻችን ፊት ምለሃል።

ይርዳው፦ ምያለሁ።

እልፍነሽ፦ ቆራርጦ ይወስድና ግቢዬ ግቢ ይሆናል። ደግሞ ዘንድሮ የሰፈሩ ወጣቶች እንዲህ ያለ አሮጌ ብረት ደጅ እንዳይቆም እያሉ ነው። ሌላ አመጣለሁ ብትል አልሰማህም።

ይርዳው፦ ሌላማ አላመጣም። እሷው ናት።

እልፍነሽ፦ እሷ እሷ አትበልብኝ። ብረት ነው።

ይርዳው፦ ጢም ሳላበቅል ነው መሪዋን የያዝኩት። እርሻ ጣቢያው ሲፈርስ ሁሉንም እዛው ሜዳ ላይ ትተዋቸው ሄዱ። ያ ሁሉ ትራክተር ዝናብ ሲበላው፣ ማንም እየመጣ አንዱ መስታወት፣ አንዱ ወንበር ሲነቅል፣ እኔ በዛ በኩል ላለማለፍ መንገድ አዙሬ ነበር የምሄደው። ሜዳውን ባትጨርስም ግድ የለኝም። ተነስታ ትንሽ ስትጎትት ሰው ይያትና ከዛ ቁራሌው ይውሰዳት።

እልፍነሽ፦ ስለኔ እንዲህ ተናግረህ ታውቃለህ?

ይርዳው፦ አንቺ መቼ ቆመሽ ታውቂያለሽ፣ አስነሳሽ ዘንድ?

እልፍነሽ፦ አፍህ ላይ ሞራ አለ፣ ጥረገው። አይ፣ በእጅህ አይደለም። በምንም አትጥረገው፣ ተወው። ንገረኝ እስቲ፣ ቤት እንድውል ያለህ ማን ነው?

ይርዳው፦ ማንም አላለኝም።

እልፍነሽ፦ ጆሮህን ተው። ይሄ ያንተ ሐሳብ አይደለም። አንተ ብታስብ የምታስበው ስለ ጎማ ነው።

ይርዳው፦ ትናንት ከእድሩ ስብሰባ ስንወጣ ተካልኝና እነ ሃምሳ አለቃ ከበው ያዙኝ። ሚስትህ እድሩ ፊት ትቁምና ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ ትበል አሉኝ። ያንን ካደረገች እግራችንን እንሰበስባለን፣ አንድ ሰው አይወጣብህም፣ እንደ ቱፋ ባዶውን ትጎትታለህ አሉኝ።

እልፍነሽ፦ እና?

ይርዳው፦ እና ምን?

እልፍነሽ፦ ምን አልካቸው?

ይርዳው፦ ሞራ ጥጄ መጥቻለሁ፣ ይቃጠልብኛል አልኳቸው።

እልፍነሽ፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ ዋሽታ ያወራችው ካለ አንዱን ንገሩኝ፣ እሷ ሳትሆን እኔ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኳቸው።

እልፍነሽ፦ ተናገሩ?

ይርዳው፦ አንዱም አልተናገረ። ሃምሳ አለቃ ባርኔጣውን ወደ ታች ሳበው።

እልፍነሽ፦ ለምን አልነገርከኝም? ለምነኸኝ ቢሆን ይቅርታውን እጠይቅልህ ነበር።

ይርዳው፦ አትጠይቂም።

እልፍነሽ፦ አልጠይቅም።

ይርዳው፦ እንግዲህ። በቃ እዛው ተበታተንን። ተካልኝ ብቻ እየሳቀ፣ ሸክሙን ትችለዋለህ አለኝ። የኛ ሴቶች ሲያዩአቸው ቀጫጮች ናቸው እንጂ ቀላል አይደሉም አለና ዘርፌን ቀና ብሎ አያት።

እልፍነሽ፦ የትኛዋን ዘርፌ? የኛዋን?

ይርዳው፦ የጎረቤታችንን። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

እልፍነሽ፦ ዘርፌ አትወጣብንም። ሐሙስ ዕለት ገበታዬ ላይ ቀርባ በእጄ አጉርሻታለሁ። ዛሬ ጠዋትም መጥታ ስትስመኝ ነበር፣ መጄን አውሺኝ ብላ።

ይርዳው፦ መጅ ምን ያደርግላታል?

እልፍነሽ፦ ሽሮ ልፈጭ ነው አለች። የእናቴን መጅ ነው የሰጠኋት፣ ያን በሁለት እጅ የሚያዘውን ከባዱን ድንጋይ።

ይርዳው፦ ዘርፌ በድንጋይ ትፈጫለች እንዴ?

እልፍነሽ፦ የት? ታችኛውን ወፍጮዋን የበር መደገፊያ ካደረገችው ስንት ዘመኑ። ቆይ። ቆይ እስቲ። መጅ ያለ ታችኛው ወፍጮ ምን ይሰራላታል? የሃምሳ አለቃ ሚስትም ከታች ሰፈር መጅ ስትለምን ነበር። የብርቅነሽ ልጆች ደግሞ አንድ አንድ ታቅፈው ሲሄዱ አይቻለሁ። እኔ ቂሏ አገሩ ባንድ ቀን ባልትና ጀመረ እያልኩ ሳወራ ዋልኩ።

ይርዳው፦ ሁሉም ባንዴ ለምን ሊፈጩ ፈለጉ?

እልፍነሽ፦ አንተ ሰውዬ፣ ናፍጣው ጭንቅላትህ ገባ? ሊፈጩ አይደለም። ነጠላቸው ስር ነው። ጡታቸው ስር አስረው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ወሽቀው ላሜራው ላይ ሊወጡ ነው። ቀጭን ይመስላሉ እንጂ ቀላል አይደሉም ያለህኮ እሱን ነው። ነገረህ እኮ ፊት ለፊት።

ይርዳው፦ ድንጋይ ይዘው?

እልፍነሽ፦ ድንጋይ ይዘው። በእናቴ መጅ የኔኑ ባል። በእጄ ያጎረስኳት ሴት። ጣቴን ከንፈሯ ነክቶታል እኮ፣ አሁን ትዝ ሲለኝ ጣቴን ቆርጬ መጣል አማረኝ። እኔ እዚህ ቆሜ የበግ ሞራ ሸተተኝ እላለሁ። እነዚህ ናቸው የሚሸቱት።

ይርዳው፦ ለሽማግሌዎቹ እንናገር። ይፈተሹ።

እልፍነሽ፦ የሰው ሚስት ጡት ስር ማን እጁን ይሰዳል? ያንን ስለሚያውቁ እኮ ነው ሴቶቹን ያስታጠቁት።

ይርዳው፦ እንግዲያው በቃ። ቁራሌውን ዛሬውኑ ጥሪው።

እልፍነሽ፦ ምን?

ይርዳው፦ ሰኞን አልጠብቅም። ሰው ብቻ ቢሆን የፈለገው ይሁን ብዬ ነበር። የአገሩን ድንጋይ ተሸክማ፣ በጭስ ታፍና፣ ሰው እየሳቀባት ቀጥ ስትል ቆሜ አላይም። መፍቻውን አቀብዪኝ፣ ክብደቱን ላውርድ። እሱ እንኳን ለሽንት ቤትሽ ይሁን።

እልፍነሽ፦ የደረቀ ሲሚንቶ ለሽንት ቤት ምን ይሆናል? ልታቀፈው? ተወው፣ አትንካው።

ይርዳው፦ እልፌ፣ ደክሞኛል።

እልፍነሽ፦ ደክሞህማ ነው እንዲህ የምትሸተው። ያ ላሜራ ሲነሳ ባዶውን ነው አላልክም?

ይርዳው፦ ባዶውን ነው።

እልፍነሽ፦ ማንም ሰው ከመነሻው ላይ ቢወጣ ደንቡ ይከለክላል?

ይርዳው፦ አይከለክልም። ግን ማን ከመነሻው ይወጣል?

እልፍነሽ፦ አንድ ሰው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ብዙም የማይከብድ፣ ትችለዋለች?

ይርዳው፦ አንቺን? አንቺን ከነ ድስትሽ ትችላለች። ምን ልታደርጊ?

እልፍነሽ፦ መሃሉ ላይ በርጩማዬን አስቀምጬ እቀመጣለሁ። አዲሱን ቀሚሴን ነው የምለብሰው፣ አንተ በዛ በኩል ድርሽ እንዳትል።

ይርዳው፦ እልፌ፣ ተይ። ሲያዩሽ ይብስባቸዋል። ተሽቀዳድመው ነው የሚወጡት።

እልፍነሽ፦ ይውጡ። ጠጋ ብዬ ቦታ እሰጣቸዋለሁ። የወጣ አይወርድም ብለሃል፣ ስለዚህ እግሩን ያነሳ ሁሉ እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ አጠገቤ ቆሞ ያዳምጠኛል፣ አገሩም በሁለቱም ዳር ቆሞ ያዳምጣል። እስካሁን ያወራሁባቸው እኮ፣ ይርዳው፣ ሰው ፊት የሚወራውን ብቻ ነው።